አትንኩ የሚለውን ተጫኚ

ስለ ክፍት ሶፍትዌር አንድ ጊዜ ማውራት ከጀመርኩ የሚያስቆመኝ የለም። ዘመድ ቤት ስንሄድ ባለቤቴ በር ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ «ዛሬ እንኳ እንዳትጀምር» ትለኛለች። እኔም እሺ ብዬ እገባለሁ። ከዚያ አንዱ ምስኪን «ሥራ እንዴት ነው?» ብሎ ይጠይቀኛል። አለቀለት። ምግቡ ቀርቦ፣ ተበልቶ፣ ጠረጴዛው ተጠርጎ እኔ ገና መግቢያው ላይ ነኝ።

ሥራዬ የአንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ድረ ገጽ ነው። የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ ነበርኩ ልበል። ክፍል ስል ደግሞ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ እኔና ምክትሌ ብቻ ነን። አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ አጠገብ ያለች ጠባብ ቢሮ ናት፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የማይዘጋ መሳቢያ። በእኔና በምክትሌ መካከል ቢበዛ ሁለት ሜትር ነው። ሐኪም «አንገትህን የሚያምህ ስክሪኑ ዝቅ ስላለ ነው፣ የሆነ ነገር ላይ አስቀምጠው» ስላለኝ፣ የኔ ስክሪን ጠረጴዛው ላይ ያገኘሁት ወፍራም ጥራዝ ላይ ጉብ ብሏል። አንገቴም ተሽሎኛል። ቀና ብዬ ነው የምሠራው።

ድረ ገጹን የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ማንም ሰው በነፃ አውርዶ ሊጠቀምበት በሚችል ሲስተም የሠራሁት እኔ ነኝ። ክፍት ምንጭ ይባላል። የተጻፈበት ኮድ አይደበቅም፤ የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያስተካክለዋል፣ የግሌ ነው የሚል የለም። ሌላው ዓይነት የሚሸጠው ነው። የሱን ውስጥ የሚያውቀው ሻጩ ብቻ ነው፤ አንተ ከላይ ከላይ ትነካካለህ፣ ቀለም ለመቀየር እንኳ ደጅ ትጠናለህ። ትልልቅ ድርጅቶች ግን ነፃውን ትተው የሚሸጠውን ይገዛሉ። ለምን? ይህ ጥያቄ ስንት ዓመት ደሜን ሲያፈላው ኖረ መሰላችሁ። መልስ ግን ነበረኝ። ስለማያውቁ ነው እል ነበር። ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰው መጥቶ ግድግዳ ላይ ሥዕል ሲያበራላቸው ልባቸው ይቀልጣል፣ ሌላ ምክንያት የለም እል ነበር። ለዘጠኝ ዓመት ጥያቄ የሁለት መስመር መልስ ይዞ የሚዞር ሰው ብዙም እንደማያስብ አሁን ነው የገባኝ።

ባለፈው ዓመት ዳይሬክተሯ ቢሯቸው ጠሩኝ። ነገር የሚያበዙ ሴት አይደሉም። ኩባንያው የሚሸጠውን ሲስተም ለመግዛት እያሰበ መሆኑን ነገሩኝ። ከተገዛ የእኔ ክፍል ይዘጋል፤ ምክትሌ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ ትዛወራለች፣ እኔ ደግሞ መዝገብ ቤት እወርዳለሁ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፣ መስኮት የለውም፤ የሚወርድ እንጂ የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም። ገና አልተወሰነም፣ በሚቀጥለው ሐሙስ ኮሚቴ ፊት ቀርበው ይከራከሩ አሉኝ። ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ቢሮ ስገባ ለምክትሌ ሁሉንም ነገርኳት። «አይዞሽ፣ እኔ እያለሁ ማንም አይነካሽም» አልኳት። አመሰገነችኝና ምን ላግዝዎት ብላ ጠየቀችኝ። ምንም፣ አልኳት፤ አንቺ አትጨነቂ፣ እኔ እጨርሰዋለሁ።

ስለ ምክትሌ ልንገራችሁ። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል። ዝምተኛ ናት። ስትመጣ የመጀመሪያ ሰሞን ከወንበሬ ኋላ እየቆመች የማደርገውን ሁሉ ታይ ነበር፣ ማስታወሻም ትይዝ ነበር፤ ደስ ይለኝ ነበር፣ ተመልካች የማይወድ ማን አለ። የይለፍ ቃሉን ጠይቃኛለች፤ ቀስ ብለሽ ትደርሺበታለሽ አልኳት። አንድ ቀን የጻፈችውን ነገር አምጥታ እንድመለከትላት ጠይቃኛለች፤ አየዋለሁ አልኳት። ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇን ልትዘረጋ ስትል ደግሞ የማትቀር ንግግር ነበረችኝ፦ ተይው፣ እኔ እሠራዋለሁ። ሥራ እንዳይበዛባት ብዬ ነው። ይህን ለራሴ ስነግረው አምኜው ነበር።

እውነቱን ከተነጋገርን ግን መጠራት እወድ ነበር። እንዴት እንደምወድ አልነግራችሁም፣ ያሳፍራል። ሐኪም ቤት ተራ እየጠበቅሁ ይደውላሉ፣ ፀጉሬን እየተስተካከልኩ ይደውላሉ። እኔም «ያለ እኔ አንድ ቀን አይውሉም» እያልኩ አማርራለሁ፤ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የማማርረው። የእህቴ ልጅ ስትዳር ቤተሰቡ ተሰልፎ ፎቶ ሊነሳ ሲል ስልኬ ጮኸና ወጣ አልኩ። ፎቶው ላይ በባለቤቴና በእህቴ መካከል አንድ ሰው የሚያህል ባዶ ቦታ አለ። ባለቤቴ ያንን ፎቶ መርጣ፣ አሳድጋ፣ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ በጣቷ ክፍተቱን እየጠቆመች «ይሄ ባለቤቴ ነው» ትላለች።

ሐሙስ ደረሰ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው፦ ዳይሬክተሯ፣ ነገረ ፈጁና አንገታቸው ቶሎ ቶሎ ወደ ደረታቸው የሚወድቅባቸው የኦዲት ኃላፊ። አርባ ደቂቃ ተናገርኩ። ስለ ነፃነት፣ ስለ ግልጽነት፣ በዓለም ዙሪያ ስላሉ በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ተናገርኩ። ኮዱን ማንም ያየዋል፣ ስህተት ቢገኝ ማንም ያርመዋል አልኩ። ንግግሬ ለራሴ ጣፈጠኝ፤ አንድ ቦታ ላይ እንባ ሊመጣብኝ ሁሉ ነበር።

ነገረ ፈጁ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። አንድ ነገር ብቻ ግልጽ አልሆነልኝም አሉ። ደንበኛ ድረ ገጹ ላይ የተሳሳተ ነገር አንብቦ ቢከሰን፣ ይህ ማንም የተባለው ሰው ቢሮው የት ነው? ፍርድ ቤት ስጠየቅ ማንን ይዤ ልቅረብ? ስልኩስ ስንት ነው?

ሳቅሁ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው ብዬ። «እኔ አለሁ አይደል?» አልኳቸው።

እርስዎ ቢታመሙስ አሉኝ።

«አልታመምም» አልኩ። ይህ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዳለ ተጽፏል፤ አንድ ቅጂ ቤቴ አለ፣ ባለቤቴ ስትናደድ ታነበዋለች።

ሻጩ ከእኔ በኋላ ገባ። ጫማው እንደጠረጠርኩት ያብረቀርቃል። አሥር ደቂቃ ብቻ ነው የተናገረው። ሲስተሙ ከእኔው ጋር ሲነጻጸር ቀርፋፋ ነው፣ ደረቅ ነው፣ አንዳንዱ ነገሩ ሆነ ተብሎ ሰው ለማማረር የተሠራ ይመስላል፤ ይህን ጠላቴ ስለሆነ አይደለም የምለው፣ ዛሬም በየቀኑ ያማርረኛል። ሰውየው ስለ ሲስተሙ ብዙም አላወራም። መጨረሻ ላይ አንድ ካርድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ካርዱ ላይ ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። በሥራ ሰዓት ይደውሉ፣ የሚያነሳ ሰው አለ፣ ደረጃ በደረጃ ያስረዳዎታል፣ ካጠፋም እኛ እንጠየቃለን አላቸው። ነገረ ፈጁ ካርዱን አንስተው አገላብጠው አዩትና ኪሳቸው ከተቱት።

ዳይሬክተሯ ግን ፈጣሪ ይስጣቸው፣ ለወሬ የሚፈርዱ አይደሉም። ሰኞ ጠዋት እንፈትነዋለን አሉ። የኮምፒውተር ሰው ያልሆነች አንዲት ሠራተኛ በሁለቱም ሲስተም አንድ ማስታወቂያ ታወጣለች፦ ሦስተኛው ቅርንጫፍ በእድሳት ምክንያት ለአንድ ሳምንት ዝግ መሆኑን። ማንም አጠገቧ አይቆምም። ከተቸገረች ለእያንዳንዱ ሲስተም በተመዘገበው አንድ ስልክ መደወል ትችላለች፤ መልሱ በቃል ብቻ ነው፣ ሄዶ መሥራት የለም። የተመረጠችው እቴቴ ነበረች።

እቴቴን የማያውቅ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጠች፣ ከጥበቃ እስከ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሁሉም እቴቴ የሚላት፣ የሁሉንም ሰው የልጆች ስም የምታውቅ ሴት ናት። ደግሞም ትወደኛለች። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ከእቴቴ ጋር ከሆነማ አለቀ፣ በስልክ አምስት ደቂቃ አይፈጅብንም አልኩ።

የስልኩን ፎርም ስሞላ ምክትሌ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። «ጋሼ፣ የቢሮውን ስልክ ብንሰጥስ? ማናችንም እናነሳው ነበር።» የኔ ይሻላል አልኩና የሞባይሌን ቁጥር ጻፍኩ። አሁን ያንን ቀን ሳስበው፣ በዚያች መስመር ላይ ነው ሥራው የተበላሸው። እጄ ግን ሲጽፍ ደስ ብሎት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እቴቴ ስብሰባ አዳራሽ ገባች። ኮሚቴው ከጥግ ተቀምጦ ያያል። በመጀመሪያ የሻጩን ሲስተም ሞከረች። መሃል ላይ ቆመባት፣ ደወለች፣ በሦስተኛው ጥሪ አንድ ሰው አነሳ፣ እናቴ አይቸኩሉ፣ አሁን የሚታይዎትን ያንብቡልኝ አላት። አነበበች፣ ነገራት፣ ተጫነች። በአሥራ አንድ ደቂቃ ማስታወቂያው ወጣ። ይህን ሁሉ በኋላ የሰማሁት ከራሷ ነው። እኔና ምክትሌ በዚያ ሰዓት አራተኛ ፎቅ ቢሯችን ውስጥ ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን እንጠብቃለን። ሲጮህ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሳሁት፤ ሻጩ ሦስት ጥሪ እንዳስጠበቃት ባውቅ ደግሞ የበለጠ እኮራ ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ጽሑፉን ጽፌዋለሁ። አሁን ወዴት ልውሰደው?»

አፌ ከእኔ ቀደመ። «ተይው እቴቴ፣ እኔ እሠራዋለሁ።»

ከወዲያ በኩል የሆነ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተሰማኝ። ለካ ስልኩን ጮክ ብሎ እንዲሰማ አድርገውት ኖሯል። እቴቴ እንደማይቻል፣ እኔ እንድነግራት፣ እሷ ራሷ መሥራት እንዳለባት አስታወሰችኝ። እሺ አልኩ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ጣቶቼ ባዶ ጠረጴዛ ላይ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ጣቶቼ ሁሉንም ያውቁታል። አፌ ግን አንድም ነገር አያውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንዴት እንደማደርገው በቃል ተናግሬው አላውቅም ነበር፤ የጠየቀኝ የለም አልልም፣ ጠይቀውኛል፣ መልሴ ግን ምን እንደነበር ታውቃላችሁ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ ቁልፍ መናገር ግዴታዬ ነው። በሲስተሙ ላይ ጽሑፍን ወደ ሕዝብ የሚያወጣ ቀይ ቁልፍ አለ። መጀመሪያ ላይ እንደማንኛውም ሲስተም ‹አውጣ› ይል ነበር። በሁለተኛው ዓመት አንድ የማስታወቂያ ክፍል ሠራተኛ ሳይጨርስ ተጫነውና «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይጻፋል» የሚል ገጽ ቅዳሜና እሁድን ሙሉ የኩባንያው ፊት ገጽ ላይ ዋለ። ተቆጣሁ። ሰኞ ጠዋት የቁልፉን ጽሑፍ ‹አትንኩ› ብዬ ቀየርኩት፤ ለጊዜው ነው ብዬ። ከዚያ በፊት ደግሞ ሁለት ጊዜ ማስቀመጥ፣ በ‹ሰርዝ› ወጥቶ እንደገና መግባት ያስፈልጋል፣ አለዚያ የተጻፈው ጠፍቶ ያ ባዶ ገጽ ይወጣል፤ እሱንም ለጊዜው ብዬ ነበር የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ቀይ ቁልፉን ከእኔ በቀር የነካው ሰው የለም። ሲስተሙ ክፍት ነው፤ ዓለም በሙሉ ኮዱን ማየት ይችላል፤ ቁልፉን ግን ማንም አይነካም።

ምክትሌ ከጎኔ ቆማለች። ቀስ ብላ «መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አስቀምጪው ይበሏት፣ ከዚያ በ‹ሰርዝ›...» ስትል እጄን አንስቼ ዝም አሰኘኋት፤ አደናገረችኝ። እሷም ትንሽ ቆየችና እጇን ዘረጋች። ስልኩን ይስጡኝ ማለቷ ነው። መዳፏ ክፍት ነበር፣ አጠገቤ ነበር። ትከሻዬን አዞርኩባት።

«እቴቴ፣ ቀይ ቁልፍ ይታይሻል?»

«ይታየኛል። ‹አትንኩ› ይላል።»

«እሱን ተጫኚ።»

«አትንኩ እያለ?»

«አዎ፣ አትንኩ የሚለውን ተጫኚ።»

ድምፅዋ ውስጥ እውነተኛ ሐዘን ነበር። «አንተ ልጅ፣ እዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩት አትንኩ የተባለውን ባለመንካት ነው።»

ከወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ኦዲተሩ ናቸው፣ በዚያች ደቂቃ ነቅተዋል። ላብ አጠመቀኝ። እባክሽ እቴቴ፣ በእኔ ይሁንብሽ እያልኩ ለመንኳት። እሷም ለእኔ ስትል ተጫነችው። ሁለት ጊዜ ሳታስቀምጥ፣ በ‹ሰርዝ› ሳትወጣ፣ ይኸው እንደለመንኳት ተጫነችው። የሦስተኛው ቅርንጫፍ ማስታወቂያ የገባበት ጠፋ፤ በምትኩ የኩባንያው ፊት ገጽ ላይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ «እዚህ ጋ የሆነ ነገር ይጻፋል» ብሎ ወጣ።

ስልኩ ላይ የዳይሬክተሯ ድምፅ መጣ። የተረጋጋ ነበር። ምክትልዎ አጠገብዎ አሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አለች አልኩ።

«እሳቸው ይህን መሥራት ያውቃሉ?»

ምክትሌን አየኋት። እሷም አየችኝ። ከአንድ ደቂቃ በፊት ትክክለኛውን ነገር ከአፏ ሰምቻለሁ። ታውቃለች ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ስልኩን እሰጣታለሁ፣ እቴቴን ታስረዳታለች፣ ማስታወቂያው ይወጣል፣ ክፍሉም ይተርፋል። ግን ታውቃለች ካልኩ፣ ያለ እኔም ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሁሉ አስቤ አይደለም የመለስኩት። ሳላስብ ነው። ሳያስቡ የሚመጣ መልስ ደግሞ የሰውን ልክ ያሳያል።

«አታውቅም» አልኩ።

ምክትሌ እጇን መለሰች። ሄዳ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ እጆቿን ጭኖቿ ላይ አደረገች፣ ወደ መስኮቱ ዞረች። ዳይሬክተሯ አመሰግናለሁ ብለው ስልኩን ዘጉ።

ውሳኔው በሦስተኛው ቀን ደረሰኝ። ልሟገት ብዬ ሄጄ ነበር፤ ነፃ ነው እኮ፣ ክፍት ነው እኮ እያልኩ። ዳይሬክተሯ በትዕግሥት ሰሙኝ። ክፍት መሆኑን ማንም አልካደም አሉኝ። «ለእኛ ግን ክፍት ሆኖ አያውቅም። እኛ የምንገዛው ሲስተም አይደለም፤ ስንደውል አንስቶ የሚያስረዳንን ሰው ነው። እርስዎ ጋ ስንደውል የሚያነሳ ነበር፣ የሚያስረዳ ግን አልነበረም።» ኩም ብዬ ወጣሁ።

ምክትሌ ቅርንጫፉ አልሄደችም። ሁለት ሳምንት ቆይታ መልቀቂያ አስገባች፤ ሌላ ሥራ አግኝታለች። የት እንደሆነ አልነገረችኝም፣ እኔም አኩርፌ ስለነበር አልጠየቅኋትም። ጨበጠችኝ፣ «ጋሼ፣ ደህና ይሁኑ» አለችኝ፣ ወጣች። ማታ እራት ላይ ለባለቤቴ ውለታ የማታውቅ ብዬ አማኋት። ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም ሳላስቸግራት ተንከባክቤያት አልኩ። ባለቤቴ ሹካዋን አስቀመጠች። ስድስት ዓመት ሙሉ ምን አስተማርካት ብላ ጠየቀችኝ። ውሃ አምጪልኝ አልኳት።

ቢሮውን የማስረክብበት ቀን መጣ። መሳቢያውን ባዶ አደረግሁ፣ ገመዶቹን ጠቀለልኩ፣ መጨረሻ ላይ ስክሪኑን ከጥራዙ ላይ አነሳሁ። ጥራዙን ልጥለው ቅርጫቱ ጋ ደርሼ ሳለሁ ነው ሽፋኑን ያየሁት። የስክሪኑ እግር መሃሉ ላይ ክብ ምልክት ትቶበታል። ከክቡ በላይ «የድረ ገጹ አጠቃቀም፦ ለማንኛውም ሠራተኛ» ይላል። ከታች የምክትሌ ስም፤ ቀኑ በገባች በስምንተኛ ወሯ ነው። ጥጉ ላይ ቢጫ ወረቀት ተለጥፏል፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ «አየዋለሁ» ይላል።

መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። አንድ መቶ አሥር ገጽ ነው። እያንዳንዱ ስክሪን በሥዕል ተደርጎ፣ እያንዳንዱ ነገር በቀላል አማርኛ ተጽፎ ተቀምጧል። ሁለት ጊዜ ማስቀመጡ አለ፣ በ‹ሰርዝ› መውጣቱ አለ። ቀይ ቁልፉ የራሱ ምዕራፍ አለው፤ ስሙ ወደ ‹አውጣ› ቢመለስ ጥሩ እንደሆነ በትሕትና ትጠይቃለች። እቴቴ ያንን ገጽ ብቻ ይዛ ብትገባ ኖሮ በአምስት ደቂቃ ትጨርስ ነበር። መግቢያው ላይ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ይህን ያነበበ ሠራተኛ የክፍል ኃላፊውን ከቤተሰባቸው መሃል መጥራት አያስፈልገውም። እሳቸውም እረፍት ይገባቸዋል።» አለቀስኩ። የፎቶ ኮፒ ማሽኑን ሊጠቀም የመጣ ሰው አይቶኝ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

አሁን መዝገብ ቤት ነኝ። መስኮት የለውም እንዳልኳችሁ። ጠዋት ጠዋት ፋይል እደረድራለሁ፤ ከምሳ በኋላ ማስታወቂያ ካለ በአዲሱ ሲስተም የማወጣው እኔው ነኝ፣ የቀረልኝ ሥራ እሱ ነው። ለሦስት ወር ያህል ወደዚያ ስልክ ቁጥር አልደወልኩም። ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልደውልም ብዬ ነበር። ከዚያ ባለፈው ማክሰኞ የአደጋ ካሳ መጠየቂያው ፎርም አልወጣም አለኝ። ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት አለበት፤ ደንበኞች እየጠበቁ ነው፣ ዳይሬክተሯ ሁለት ጊዜ ሰው ልከዋል። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። የማውቀውን ሁሉ ነካካሁ። ከዚያ ሲስተሙ ሲገባ ለእኔም የተሰጠኝን ካርድ አወጣሁና ደወልኩ።

በሦስተኛው ጥሪ ተነሳ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ምን ልርዳዎት?»

ድምፁን ለማወቅ አንዲት ቃል በቃችኝ። ስድስት ዓመት በሁለት ሜትር ርቀት የሰማሁት ድምፅ ነው፤ ደግሞ ያኔ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር ብዙም አልሰማሁትም። ኩባንያችን የገዛው የስልክ ቁጥር ጫፍ ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት። እኔ ዝም አሰኝቼ የያዝኳትን እነሱ እንድትናገር ቀጥረዋታል። መዝጋት አማረኝ፣ ግን ፎርሙ አለ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጋሼ። ምን ይታይዎታል? ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት። የቱን እንደምጫን ነገረችኝ፤ የተሳሳተውን ተጫንኩ። ይተዉት፣ እኔ እሠራዋለሁ አላለችኝም። ወደ ኋላ ይመለሱ፣ አይቸኩሉ አለችኝ። እንደገና ተሳሳትኩ፣ እንደገና መለሰችኝ። በሦስተኛው ወጣ። እኔው ራሴ፣ በራሴ ጣት አወጣሁት፤ ሳላስበው እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። በጣም ጥሩ፣ ሌላ የምረዳዎት ነገር አለ ወይ አለችኝ። ይህን ለሁሉም ደዋይ የሚሉት ነው፣ አውቃለሁ።

«አነበብኩት» አልኳት።

«የቱን?»

«ያንን ያመጣሽልኝን። የተጠረዘውን።» ስክሪኑ ሥር እንደነበረ ልነግራት ፈልጌ አፌ አልታዘዝ አለኝ። «ለእቴቴ መስጠት ነበረብኝ። ስልኩንም ለአንቺ መስጠት ነበረብኝ። ታውቂ ነበር እኮ። አታውቅም ያልኩት ዋሽቼ ነው።»

ከጀርባዋ ሌሎች ሰዎች ስልክ ሲያነሱ፣ ምን ልርዳዎት ሲሉ ይሰማኛል። በመጨረሻ ስትናገር ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢኖር ይሻለኝ ነበር።

«ከስክሪኑ ሥር አወጡት ማለት ነው» አለች። «ታዲያ አሁን አንገትዎን አያምዎትም?»